የድርጅትን ሲስተም መጣል ሰልፍ ነው፣ ሀኪንግ ነው ወይስ ሽብር?

ጥያቄው የመጣው በጅቡቲ መስመር ከሚሠሩ አንድ የአዳማ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «ጭነት የሚያገናኘን አንድ ድርጅት ሳያማክረን ኮሚሽን ጨመረብን፤ የሠራንበትንም ሂሳብ ከሁለት ወር በላይ ይዞብናል። ቢሮው ስንሄድ ‹ሲስተም ላይ ነው› ይሉናል። በቴሌግራም ግሩፓችን አንድ ልጅ ሊንክ ለቀቀና ‹ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁላችሁም ይህን ከፍታችሁ ተዉት፤ ሲስተማቸው ይወድቃል፤ ይህ የኢንተርኔት ሰልፍ ነው› አለን። አጎቴ ሲሰሙ ‹በሽብር ትከሰሳለህ፣ ተው› አሉኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ሽብር ሳይሆን ሀኪንግ ነው› ይላል። ትክክለኛው የማን ነው?»

መልሱን ሳላንዛዛ አስቀድሜ ልስጥዎት። የተባለውን ብታደርጉ ድርጊታችሁ በአገራችን ሕግ የኮምፒዩተር ወንጀል ነው። ሽብር ግን አይደለም፤ በነገሩኝ ሁኔታ የሽብር ክስ የሚቆምበት መሠረት አይታየኝም። ሰልፍ ነው ያለው ልጅ ደግሞ ቅሬታችሁ ለአደባባይ የሚበቃ መሆኑን በትክክል አይቷል፤ የመረጠው መንገድ ግን የሰልፍ መንገድ አይደለም። እኔ ወደ ጥብቅና ከመግባቴ በፊት እዚሁ አዳማ ለሰባት ዓመታት የሰርቨርና የኔትወርክ ሥራ ስሠራ ስለ ቆየሁ፣ ይህን ዓይነቱን ነገር ከመሣሪያው በኩልም ከፍርድ ቤት መዝገቡ በኩልም አይቼዋለሁ። ሦስቱ ስሞች ሲቀላቀሉ የሚጎዳው ሰው ብዙ በመሆኑም ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

ከጓደኛዎ ቃል ልጀምር። በየዕለቱ ንግግራችን «ሀክ ተደረገ» ወይም «ተጠለፈ» ስንል የማይመሳሰሉ ነገሮችን በአንድ ስም እንጠራለን፤ የይለፍ ቃሉ የተሰረቀበት የፌስቡክ ገጽም፣ ገንዘብ የወጣበት የሞባይል ሂሳብም፣ አልከፈት ያለ ድረ ገጽም ሁሉም ተጠለፈ ይባላል። ሕጉ ግን ይለያቸዋል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ቀድሞ በወንጀል ሕጉ ከአንቀጽ 706 እስከ 711 የነበሩትን ድንጋጌዎች ተክቶ፣ ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ሲስተም መግባትን በአንቀጽ 3 «ሕገ ወጥ ደራሽነት» ይለዋል፤ «ጠለፋ» የሚለውን ቃል ደግሞ በአንቀጽ 4 ላይ የሰዎችን የመረጃ ልውውጥ በመሃል ለሚያዳምጥ ወይም ለሚቀዳ ሰው ያውለዋል። ሊንክ ከፍቶ መተው ከሁለቱም አይደለም፤ ማንም የድርጅቱን የይለፍ ቃል አልሰበረም፣ ዳታውንም አላየም። ስለዚህ ቃሉን በጥብቅ ትርጉሙ የሚይዝ ባለሙያ ነገሩን ሀኪንግ አይለውም። ሆኖም አንቀጽ 5 መግባትን አይጠይቅም። ሆነ ብሎ፣ ያለ ፈቃድ ወይም ከፈቃድ በላይ፣ ዳታ በማስገባት ወይም በማስተላለፍ አንድ የኮምፒዩተር ሥርዓት በአግባቡ እንዳይሠራ ያደናቀፈ ወይም ያቋረጠ ሰው በጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ቅጣቱም የተጎዳው ሲስተም የድርጅት ሲሆን ከግለሰቡ ይከብዳል፣ ቁልፍ መሠረተ ልማት ሲሆን ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ወጣቶች የሚያነሱት መከራከሪያ አለ፤ «ገጹ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ክፍት ገጽ መክፈት እንዴት ያለ ፈቃድ ይባላል?» ይላሉ። ያ ሊንክ የሚሠራውን ሥራ ካየነው መልሱ ግልጽ ይሆናል። ገጹን ከፍተው ስልክዎን ኪስዎ ሲከቱት፣ ስልኩ ያለ እርስዎ እጅ በየሰከንዱ ደጋግሞ «የጭነት ዝርዝር አሳየኝ» የሚል ጥያቄ ወደ ድርጅቱ ሰርቨር ይልካል። መልሱን የሚያነብ ግን የለም። በሺዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ሲደራረቡ ሰርቨሩ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው መለየት አቅቶት ሞጆ ደረቅ ወደብ ቆሞ እውነተኛ ጭነት የሚፈልገውን ሹፌርም መመለስ ያቆማል። ድርጅቱ የሰጣችሁ ፈቃድ ጭነት እንድታዩና ሥራ እንድትይዙ ነው፤ አዋጁ «ከፈቃድ በላይ» የሚለውን ሐረግ የጨመረውም ለእንዲህ ዓይነቱ ሁኔታ ነው።

የሰልፉን ክርክር ግን በቀላሉ ማለፍ አልፈልግም፤ ምክንያቱም ከሦስቱ ውስጥ በጣም ሊታሰብበት የሚገባው እሱ ነው። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 30 መሠረት ማንኛውም ሰው ከሌሎች ጋር ሆኖ መሣሪያ ሳይዝ በሰላም የመሰብሰብ፣ ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግና አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው። ሰልፍ ደግሞ በባሕርይው ማንንም የማይነካ ነገር አይደለም፤ መንገድ ይዘጋል፣ ገበያ ያስተጓጉላል፣ የተሰለፉበትን ድርጅት ደንበኛ ያሳጣል። እንግዲያው ለሁለት ሰዓት የተዘጋ አስፋልት ሰልፍ ከሆነ፣ ለሁለት ሰዓት የተዘጋ ድረ ገጽ ለምን አይሆንም?

ይህ ክርክር አንድ ጊዜ ፍርድ ቤት ቀርቦ አሸንፏል። እ.ኤ.አ. በ1999 አንድ ሱዳናዊ ጥገኝነት ጠያቂ ከጀርመን በግዳጅ ሲመለስ በሉፍታንዛ አውሮፕላን ውስጥ በአጃቢ ፖሊሶች እጅ ሕይወቱ አለፈ። አየር መንገዱ ሰዎችን በግዳጅ ማጓጓዙን እንዲያቆም ሲወተውቱ የነበሩ ቡድኖች እ.ኤ.አ. ጁን 20 ቀን 2001፣ የኩባንያው ባለአክሲዮኖች ጉባኤ በሚቀመጡበት ዕለት፣ የኢንተርኔት ሰልፍ እንደሚያደርጉ በይፋ አስታወቁ። 13,000 ያህል ሰዎች በተባለው ሰዓት የአየር መንገዱን ድረ ገጽ እየደጋገሙ ከፈቱ፤ ገጹም ተጨናነቀ። ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ተከሶ እ.ኤ.አ. በ2005 የፍራንክፈርት የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሰዎችን ለማስገደድ አነሳስቷል በሚል የገንዘብ መቀጮ ጣለበት። እ.ኤ.አ. በ2006 ግን የፍራንክፈርት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው፤ ምክንያቱም የማስገደድ ወንጀል ኃይል መጠቀምን ወይም ከባድ ጉዳት ለማድረስ መዛትን የሚጠይቅ ሲሆን፣ የኮምፒዩተር መዳፊት መጫን ኃይል ሊባል አይችልም የሚል ነበር።

ሰውዬው ነጻ የወጣው ግን በወቅቱ ሌላ የሚይዘው አንቀጽ ስላልነበረ ጭምር ነው። ጀርመን በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ የወንጀል ሕጓን አሻሽላ ሌላውን ለመጉዳት አስቦ ዳታ በማስገባት ወይም በማስተላለፍ የኮምፒዩተር ሥራን ማሰናከልን ወንጀል አደረገችው። የእኛ አዋጅ የወጣው ከዚያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ (እ.ኤ.አ. በ2016) ሲሆን አንቀጽ 5ም ተመሳሳይ ድርጊቶችን ጠቅሶ ነው የተጻፈው። ያ የፍራንክፈርት ክርክር ዛሬ አዳማ ላይ ቢነሳ የሚያድነው ሰው አይኖርም።

ቢሆንም የሉፍታንዛው ድርጊት ከዘራፊ ሥራ ጋር አንድ ነው ብዬ አላምንም። አድራጊዎቹ ስማቸውን አልደበቁም፣ ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድመው ተናግረዋል፣ እያንዳንዱ ሰው የተጠቀመው የራሱን ኮምፒዩተር ነው፤ ሰዓቱ ሲያልቅም አቁመዋል። ሕጋችን እንዲህ ያለውንና ገንዘብ ካልከፈላችሁኝ ሲስተማችሁን እጥላለሁ የሚለውን ቀማኛ በአንድ አንቀጽ ሥር ማስቀመጡ ጉድለት ነው እላለሁ፤ ቢያንስ ቅጣት ሲወሰን ዳኞች ልዩነቱን ሊመዝኑት ይገባል። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ የሕጉ ቃል እንዲህ አይልም። ስለዚህ ማንም በእኔ አስተያየት ተማምኖ ሊንክ እንዳይከፍት አደራ እላለሁ።

በአሜሪካና በእንግሊዝ የሆነውም ይህንኑ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2010 የክፍያ ድርጅቶቹ ፔይፓል፣ ቪዛና ማስተርካርድ ምስጢራዊ ሰነዶችን ለሚያወጣው ዊኪሊክስ የሚላከውን መዋጮ ሲያቋርጡ፣ አኖኒመስ በሚል ስም የሚንቀሳቀሱ ሰዎች የሦስቱን ድርጅቶች ገጾች በጥያቄ ብዛት አጥለቀለቁ። ብዙዎቹ ተሳታፊዎች ተቃውሞ ላይ ያሉ ተራ ወጣቶች ነበሩ፤ የተሰጣቸው ፕሮግራም ግን የኢንተርኔት አድራሻቸውን የማይደብቅ በመሆኑ በቀላሉ ተገኙ። በጁላይ 2011 በፔይፓል ጉዳይ 14 ሰዎች በአሜሪካ ተከሰሱ፤ በእንግሊዝም በጃንዋሪ 2013 እስከ 18 ወር የሚደርስ እስራት ተፈረደ። በዚያው ወር እንዲህ ያለው ድርጊት እንደ ሕጋዊ ሰልፍ እንዲታይ የሚጠይቅ አቤቱታ በዋይት ሀውስ የአቤቱታ ገጽ ላይ ቀርቦ ነበር፤ ሕጉ ግን አልተለወጠም። ከተከሰሱት ውስጥ በሽብር የተከሰሰ እንዳልነበረም ልብ ይበሉ፤ አጎትዎን ሊያረጋጋ የሚችል ነገር ነው።

እኔ በግሌ የሰልፉን ስም እንዳልቀበል ያደረገኝ የሕግ መጽሐፍ አይደለም፤ በሥራ ላይ እያለሁ ያየሁት ነገር ነው። እዚሁ አዳማ ለሃያ ያህል ትናንሽ ድርጅቶች ድረ ገጽና የሂሳብ ፕሮግራም በአንድ ሰርቨር ላይ እናስተናግድ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ስልኬ መጮህ ጀመረ። የሰርቨሩን መዝገብ ስከፍት አንድ ዓይነት መስመር፣ የአንድ ደንበኛችንን የፊት ገጽ የሚጠይቅ፣ ዓይን ሊከተለው በማይችል ፍጥነት ከላይ ወደ ታች ይፈስ ነበር። ያ ደንበኛ ከቀድሞ ሠራተኞቹ ጋር ደመወዝ በመከልከል የተጣላ ነበር፤ ቅሬታቸውም እስከማውቀው እውነት ነበረ። ነገር ግን የወደቀው የእሱ ገጽ ብቻ አልነበረም። በዚያው ሰርቨር ላይ የነበሩት ሃያዎቹም አብረው ወደቁ፤ ከእነሱ መካከል ለየመድኃኒት ቤቱ የሚያከፋፍል አንድ ድርጅት ይገኝበታል፤ የመጋዘን ሠራተኛው የትኛው ኢንሱሊን የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ የሚነግረው ሲስተም ስለጠፋበት እስከ ከሰዓት ድረስ ካርቶን በእጁ ሲፈታ ዋለ።

ጥያቄዎቹ የሚመጡባቸውን አድራሻዎች ስመለከት አንዱን አወቅሁት፤ መስመሩን ያስገባሁት እኔ ነበርኩ። ፍራንኮ አካባቢ ያለች አንዲት ዳቦ ቤት ነች። ሄጄ ሳይ ጥቃቱን ይፈጽም የነበረው ከበሩ በላይ የተሰቀለው የጥበቃ ካሜራ ነበር፤ ከፋብሪካ የወጣበት የይለፍ ቃል ስላልተቀየረ አንድ ሰው ከሩቅ ተቆጣጥሮት ከሌሎች በሺዎች ከሚቆጠሩ መሣሪያዎች ጋር አሰልፎታል። ባለቤቷ እትዬ፣ እጃቸው ዱቄት እንደ ሆነ፣ «የእኔ ካሜራ በሰው ላይ ምን አደረገ?» ብለው የጠየቁኝ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ቦትኔት የሚባለው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2016 የድረ ገጽ አድራሻዎችን የሚያገናኘው የአሜሪካው ዲን የተባለው ድርጅት ሲመታና ትልልቅ ድረ ገጾች ሲዘጉ ያገለገለው ሚራይ የተባለ ፕሮግራምም እንዲሁ ያልተቀየረ የይለፍ ቃል ያላቸውን ካሜራዎችና ራውተሮች የሰበሰበ ነበር። ሰልፍ የወጣ ሰው በገዛ እግሩ ይቆማል፤ የቆመውም ስለተስማማ ነው። የዳቦ ቤቷ ባለቤት ግን ማንም ሳይጠይቃቸው ተሰልፈዋል፤ የመጋዘኑ ሠራተኛም ከጠቡ ውጪ ሆኖ ሳለ ተቀጥቷል። በቴሌግራም የደረሳችሁ ሊንክም ከጀርባው የሚሠራው ምን እንደሆነ፣ የስንት ሰው መሣሪያ እንደተደመረበት እናንተ አታውቁም።

አሁን አጎትዎ ወደ ፈሩት ቃል ልምጣ። ፍርሃታቸውን አልንቀውም፤ ምክንያት አለው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የቀድሞው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 የሕዝብ አገልግሎት ማቋረጥን ጨምሮ ብዙ ድርጊቶችን በሰፊው ያካተተ ሲሆን፣ ቅጣቱም እስከ ሞት ይደርስ ነበር። በሚያዝያ 2006 የታሰሩት የዞን 9 ጦማርያን በሽብር ሲከሰሱ ከቀረበባቸው ነገር ውስጥ የዲጂታል ደህንነት ሥልጠና መውሰዳቸውና መልእክታቸውን ለመሰወር መሞከራቸው ይገኝበታል፤ በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ ገደማ ክሱ ተቋርጦላቸው ወይም ከሽብር ክሱ ነጻ ተብለው እስኪወጡ ድረስ ከአንድ ዓመት በላይ ታስረዋል። ከኮምፒዩተር ጋር የተያያዘ ማንኛውም ነገር ሽብር ሊባል ይችላል የሚለው ስጋት በብዙ ቤት የቀረው ከዚያ ዘመን ነው።

በ2012 ዓ.ም. ያንን ተክቶ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1176 ግን ትርጉሙን አጥብቦታል። በአንቀጽ 3 መሠረት አንድ ድርጊት ሽብር የሚሆነው ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ነው። አድራጊው ፖለቲካዊ፣ ሃይማኖታዊ ወይም ርዕዮተ ዓለማዊ ዓላማን ለማራመድ መነሳት አለበት፤ ሐሳቡም ሕዝብን ማሸበር ወይም መንግሥትን፣ የውጭ አገር መንግሥትን ወይም ዓለም አቀፍ ድርጅትን ማስገደድ መሆን አለበት፤ በዚህ ላይ እንደ አካል ጉዳት፣ ሕይወትን አደጋ ላይ መጣል፣ ንብረት ማውደም ወይም የሕዝብ አገልግሎትን በከባድ ሁኔታ ማስተጓጎል ያለ ውጤት ያስፈልጋል። ከሚገደዱት ዝርዝር ውስጥ የግል ኩባንያ የለም። እናንተ የምትፈልጉት ኮሚሽን እንዲቀነስና ሂሳባችሁ እንዲከፈል ነው፤ ይህ የፖለቲካም የሃይማኖትም ዓላማ አይደለም፣ ማንንም ለማሸበርም አልተነሳችሁም። ስለዚህ ነው ክሱ አይቆምም ያልኩት። በዚሁ አዋጅ አንቀጽ 4 ከሙያቸው ጋር በተያያዘ የሥራ ማቆም አድማ ወይም በሕግ የታወቀ እንደ ሰልፍ ያለ መብታቸውን ሲጠቀሙ የሕዝብ አገልግሎት ያስተጓጎሉ ሰዎች አሸባሪ እንዳይባሉ ይከላከላል፤ ሲስተም መጣል በሕግ የታወቀ መብት ስላልሆነ ግን በዚህ አንቀጽ ልትከለሉ አትችሉም።

ዓላማውና ውጤቱ አብረው መታየት እንዳለባቸው አንድ የቅርብ ምሳሌ አለ። በሰኔ 2012፣ የህዳሴ ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት ሊጀመር ሲል፣ መቀመጫቸውን ግብፅ ያደረጉ ሳይበር ሆረስን የመሳሰሉ ቡድኖች በኢትዮጵያ ድረ ገጾች ላይ ጥቃት ሞክረው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ዓላማው በሙሌቱ ጉዳይ ኢኮኖሚያዊ፣ ሥነ ልቦናዊና ፖለቲካዊ ጫና መፍጠር እንደነበር ገልጿል። ፖለቲካዊ ዓላማው ግልጽ ነው፤ መንግሥትን የማስገደድ ፍላጎቱም እንዲሁ። የአንዳንድ ገጾች ፊት ተቀይሮ ከመታየት ያለፈ ከባድ ጉዳት ግን ስላልደረሰ፣ እኔ ይህን እንኳ ሽብር ለማለት እቸገራለሁ።

በድርጅት ላይ የተፈጸመ ጥቃት በእርግጥ ወደ ሽብር የተሻገረበት ጊዜ ግን አለ። አርዲት ፌሪዚ የተባለ የኮሶቮ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ2015 የአንድ አሜሪካዊ የችርቻሮ ድርጅትን ሰርቨር ሰብሮ ገባ። ድርጅቱ ዕቃ ሻጭ ነው፤ ከጦርነት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ፌሪዚ ግን ከደንበኞቹ ዝርዝር ውስጥ የ1,351 የአሜሪካ ወታደሮችና የመንግሥት ሠራተኞችን ስምና አድራሻ ለይቶ አይሲስ ለተባለው ቡድን አሳልፎ ሰጠ፤ ቡድኑም ተከታዮቹ እንዲገድሏቸው ዝርዝሩን አወጣው። በሴፕቴምበር 2016 ለሽብር ድርጅት ድጋፍ በመስጠትና በሕገ ወጥ መንገድ ኮምፒዩተር ውስጥ በመግባት 20 ዓመት ተፈረደበት። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ሶኒ ፒክቸርስ የተባለውን የፊልም ድርጅት ያጠቁትም መጀመሪያ ያደረጉት ዳታ መስረቅና ማጥፋት ነበር፤ በኋላ ግን ድርጅቱ በሰሜን ኮሪያ መሪ ላይ የሠራውን አስቂኝ ፊልም በሚያሳዩ ሲኒማ ቤቶች ላይ የሴፕቴምበር 11ን ጥቃት እየጠቀሱ ዛቱ። የአሜሪካ መንግሥት ጥቃቱን የሰሜን ኮሪያ ሥራ ነው ቢልም፣ ፕሬዚዳንት ኦባማ የሳይበር ውድመት አሉት እንጂ የጦርነት ድርጊት ለማለት አልፈለጉም። ለእኔ ወሳኙ ነጥብ ተመልካቹ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ለሕይወቱ እንዲፈራ የተደረገበት ቅጽበት ነው። በሁለቱም ጉዳይ ነገሩን ከኮምፒዩተር ወንጀል ያሻገረው የሰው ሕይወት ላይ የተነጣጠረ ዛቻ ነበር፤ የወደቀው ሰርቨር ብዛት አልነበረም።

ወደ እናንተ ጉዳይ ስመለስ፣ ሽብር አለመሆኑ ነገሩን ቀላል እንዳያስመስለው እሰጋለሁ። አዋጅ 958 ቁልፍ መሠረተ ልማትን የሚተረጉመው በተቋሙ ስም አይደለም፤ በሲስተሙ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በሕዝብ ደህንነትና በአገር ጥቅም ላይ በሚያስከትለው ውጤት ነው። የአገራችን ገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ በኩል የሚያልፍ በመሆኑ፣ በዚያ ሰኞ ጠዋት በሲስተሙ የሚመራው ጭነት ማዳበሪያ ወይም መድኃኒት ከሆነ ዐቃቤ ሕግ ከባዱን የቅጣት እርከን ለመጠየቅ ሊሞክር ይችላል። ሊንኩን ለሌላ ግሩፕ ያስተላለፈ ሰው ደግሞ እሱ ራሱ ባይከፍተውም እንኳ አይድንም፤ ለእንዲህ ዓይነት ወንጀል የተሠራ ፕሮግራም ማሰራጨት በአንቀጽ 7 ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፣ በወንጀል ሕጉም ቀስቃሽና አባሪ ይቀጣሉ። የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታ የሚባለውን የግንኙነት መዝገብ ለአንድ ዓመት የማቆየት ግዴታ አለባቸው፤ ሲም ካርዳችሁም በመታወቂያችሁ የተመዘገበ ነው። ድርጅቱ በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2028 የጉዳት ካሳ ሊጠይቃችሁም ይችላል፤ ዛሬ ገንዘብ ጠያቂ የሆናችሁት ሰዎች ነገ ባለዕዳ ትሆናላችሁ። ከዚህ ሁሉ በላይ የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው፦ የሠራችሁበት ጉዞና ያልተከፈላችሁ ሂሳብ የተመዘገበው በዚያው ልትጥሉት ባሰባችሁት ሲስተም ላይ ነው። እስከ ዛሬ ሰበብ የነበረው «ሲስተም ላይ ነው» የሚለው መልስ ከሰኞ በኋላ እውነት ይሆናል።

ሥልጣኑ በእጃችሁ ያለ ነገር ግን አለ። ሦስት መቶ ሹፌሮች የድርጅቱን መተግበሪያ በአንድ ቀን የየራሳቸውን ስልክ አውጥተው ቢዘጉት፣ ሰርቨሩ ምንም ሳይሆን ጭነቱ ወንጂ ማዞሪያ ላይ ቆሞ ይውላል። ይህን ማንም ጥቃት ሊለው አይችልም፤ ምክንያቱም የከለከላችሁት የራሳችሁን ጉልበትና የራሳችሁን መኪና ነው። ይህን ከማድረጋችሁ በፊት የያዛችሁትን ጭነት አድርሱ፤ ውላችሁ ላይ ሥራ ስለማቋረጥ የተጻፈ መቀጮ ካለም አንብቡት። በአደባባይ መሰለፍ ከፈለጋችሁ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ለከተማው አስተዳደር ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ይጠበቅባችኋል። የደረሰባችሁን በስማችሁ፣ በማስረጃ፣ ሳትሳደቡና ሳትጨምሩ በየማኅበራዊ ገጹ መጻፍም የማይከለከል የኢንተርኔት ተቃውሞ ነው፤ ልጁ «የኢንተርኔት ሰልፍ» ያለው ነገር እውነተኛ መልኩ ይህ ይመስለኛል።

ከሁሉም በፊት ግን ማስጠንቀቂያ ጻፉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 ውሉን ያልፈጸመውን ወገን ለመክሰስ አስቀድሞ በማስጠንቀቂያ እንዲፈጽም መጠየቅን ይፈልጋል፤ ገንዘብ በጊዜው ያልከፈለ ባለዕዳም ከማስጠንቀቂያው ጀምሮ በዓመት 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ ይታሰብበታል። ሳያማክራችሁ የጨመረውን ኮሚሽን ብቻውን መጨመር የሚያስችለው ቃል በውሉ ውስጥ መኖሩን ጠበቃ ይይላችሁ፤ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚያየውም በውሉና በድርጅቱ ምዝገባ ስለሚወሰን ውሉን ይዛችሁ ሂዱ። ሊንኩን ዛሬውኑ ከግሩፑ አጥፉት፣ የከፈተው ሰው ካለም የቴሌግራምና የሞባይል ገንዘብ ይለፍ ቃሉን ይቀይር። ለማስጠንቀቂያው ደብዳቤ የእያንዳንዱ ሹፌር ጉዞ ቀን፣ የኮንቴይነር ቁጥር፣ የተስማማችሁበት ዋጋና ያልተከፈለው ቀሪ በአንድ ሠንጠረዥ ተሠርቶ መያያዝ አለበት፤ መተግበሪያው አሁን ስለሚሠራ የየራሳችሁን ታሪክ በምስል አስቀርታችሁ ለዚያ ኮምፒዩተር ለሚችለው ልጅ ላኩለትና ሠንጠረዡን እሱ ያዘጋጅላችሁ።